ጠጠር ወንድ ናት

አዲሱ እንሽላሊት የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው፤ የፀሐይ መከለያው ገና አልወረደም። አሳንሰሩ ብቻውን ይዞት ወጣና በሩን ከፍቶ፣ «ከዲጃ እንድሪስ፣ የአንቺ ነው፤ ተቀበዪ» አላት። አብሮት የመጣ ሰው አልነበረም። ሣጥኑ ላይ የአብሮነት ቢሮ ምልክት፣ ሁለት የተጨባበጡ እጆች፣ ታትሟል። ከዲጃ ሣጥኑን አነሣችና በመተንፈሻው ቀዳዳ አጮልቃ አየች። ከውስጥ አንድ ዓይን መልሶ አያት።

«ያ ረቢ፣ ይኼ ደግሞ የማን ጣጣ ነው?» አለች።

እንዲህ ያለ ሣጥን በአዲሱ ኮምቦልቻ ብርቅ አልነበረም። «ብቻውን የሚኖር ፍጥረት አይኑር» የሚለው ደንብ ከወጣ ወዲህ ድመት ላለው ሁለተኛ ድመት፣ ወፍ ላለው ሁለተኛ ወፍ ይላክለታል። ፍቃድህ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰዉ የፀሐዩን ግለት ፈርቶ ጎህ ሲቀድ ጉዳዩን ጨርሶ ቀኑን ሙሉ በየቤቱ ተከቶ ስለሚውል፣ ቢሮው ብቸኝነትን እንደ ኮሌራ ያለ ወረርሽኝ አድርጎ ከቆጠረው ቆይቷል። መድኃኒቱም ማላመድ ነው። ማላመድ ደግሞ ደረጃ አለው፤ ደረጃውን የምትነግረው ጆሮ ናት።

ጆሮ ከየቤቱ በር በላይ የተለጠፈች፣ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ነጭ ክብ ነገር ናት። ቢሮው የሰጣት ሌላ ረጅም ስም አለ፤ ማንም በእሱ አይጠራትም። ቀድሞ ዓይንም ነበራት። ሰዉ «መኝታ ቤታችን ድረስ እንታያለን እንዴ፣ ነውር አይደለም ወይ!» ብሎ ሲነሣ ቢሮው ዓይኗን አወለቀላት፤ ሰዉም አሸነፍን ብሎ ጨፈረ። ጆሮዋ ቀረ። ግድግዳም ጆሮ አለው እያሉ ልጅ የሚያስፈራሩ የነበሩ የድሮ ሰዎች ዛሬ ቢነሡ፣ ተረታቸውን በሁለት ብሎን ታስሮ ያገኙታል።

ከዲጃ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ሰዉ በማለዳ ለብሶት የሚወጣውን የፀሐይ ካባ ትጠግናለች፤ ልጅ አልወለደችም። ያለቻት ጠጠር ናት። የቦርከና ወንዝ ዳር ሸንበቆ በነደደበት በጋ፣ በመታጠቢያ ቤቱ ቱቦ ሽቅብ ወጥታ እጥፍጥፍ ብላ አገኘቻት፤ እውነትም ከጠጠር አትበልጥም ነበር። ባሏ በሕይወት ነበረና ከአሮጌ ቁም ሣጥን መስታወት ነቅሎ ቤት ሠራላት። ውስጡ አሸዋ፣ አንድ የደረቀ ግንድ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ ከጧት እስከ ማታ የምትተኛው እሷ ናት።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይምታታበት አንድ ነገር እንናገር። ጠጠር ወንድ ናት። ስትቆጣ ራሷ ሰማያዊ የሚሆነው፣ ፌንጣ ስታይ ደረቷን ከፍ ዝቅ የምታደርገው ወንድ ስለሆነች ነው። ከዲጃ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ግን ትንሽና የሚወደድ ነገር ሁሉ በእሷ አፍ «እሷ» ነው። የከዲጃ እናት ወንዶች ልጆቿን ጢም እስኪያወጡ ድረስ «የት ገባች ይቺ?» እያለች ስትፈልግ ነው የኖረችው፤ አንዳቸውንም ቅር ብሏቸው አያውቅም፤ እንዲያውም «እሱ» ያለቻቸው ቀን ምን አጠፋሁ ብለው ይደነግጡ ነበር። እኛም የከዲጃን አንደበት ይዘን እንቀጥላለን።

ጆሮ ግን ቃል ትቆጥራለች እንጂ ነገር አይገባትም። ከዲጃ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፍ፣ «ለእንስት እንሽላሊት ጠጠር የተመረጠ ተባዕት ጓደኛ ደርሷል፤ እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት።

ከዲጃ መጀመሪያ ሳቀች። «አንቺ የተረገምሽ፣ ጠጠር እኮ ወንድ ናት!»

«ናት። ተመዝግቧል» አለች ጆሮ።

ሳቋ ያኔ ቆመ። ሁለት አውራ እንሽላሊት አንድ መስታወት ውስጥ ሲገቡ ምን እንደሚሆን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይቀራል።

ጆሮ ደረጃዎቹን ታዥጎደጉድ ጀመር። በመጀመሪያ ሣጥኑን ከመስታወት ቤቱ አጠገብ አድርጊና በመሐል ጨርቅ ጋርጂ፤ ይሰማሙ፣ አይተያዩ። ቀጥለሽ አሸዋቸውን ቀያይሪ፤ አንዱ የሌላውን ሽታ ይልመድ። በሦስተኛው ደረጃ ግንዱንም ድንጋዩንም ነቅለሽ ቦታ ለውጪ፤ ነባሩ የኔ የሚለው ጥግ እንዳይኖረው። በመጨረሻ አስገቢው።

ከዲጃ ጨርቁን ጋረደች። አሸዋውንም ቀየረች፤ አሸዋ አሸዋ ነው ብላ። ድንጋዩ ላይ ስትደርስ እጇ እንቢ አላት። ጠጠር ድንጋዩ ላይ እንደተኛች አንድ ዓይኗን ከፍታ ታያታለች። «ተኚ፣ የኔ እናት፣ ማንም አይነካሽም» አለቻትና ክዳኑን መልሳ ደፋችው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ረድኤት መጣች፤ የአብሮነት ቢሮ ሠራተኛ ናት። ከዲጃ ወልዳ ቢሆን ኖሮ የዚችን ዕድሜ የሚያህል ልጅ ይኖራት ነበር። የፀሐይ ካባዋን አውልቃ ክንዷ ላይ ጣል አደረገችና ሳትቀመጥ፣ «አንቺ ከዲጃ፣ ሦስተኛውን ደረጃ አልጨረስሽም» አለቻት።

ልጅቷ ባለጌ ሆና አይደለም። ቢሮዎቹ ሁሉ «በአገልግሎት ፊት ሰው እኩል ነው» ብለው አንቱን ካስቀሩት ዘመን ሆኖታል፤ አንቱ ሲል የተሰማ ሠራተኛ ከሥራው ይታገዳል። ልጆች ትምህርት ቤት አይማሩትም። ለጆሮም ያስተማራት የለም። እንዲያም ሆኖ ከዲጃ በተጠራች ቁጥር ጉንጯ ላይ ትንሽ ጥፊ ያረፈ ይመስላታል።

«እንደምን አደርሽ ይቀድማል፣ ልጄ» አለች። «ደግሞም የላካችሁት ወንድ ነው፤ ጠጠርም ወንድ ናት።»

ረድኤት ወደ ጆሮ ቀና አለች። «ራስሽ ናት አልሽ።»

«ስለምወዳት ነው!»

«አሁንም አልሽ።»

«እንግዲያው እያት! የራስሽ ዓይን የለሽም?»

ረድኤት ወደ መስታወቱ ጎንበስ አለች። ለአንድ አፍታ ፊቷ ላይ የቢሮ ያልሆነ ነገር አለፈ፤ ከዚያ ቀና ስትል ጠፍቷል። «ዓይን ይሳሳታል። ለዚህ እኮ ነው ያስቀረነው። አንደበት ግን የራስሽ ምስክር ነው፤ ዓመታት ሙሉ እሷ በላች፣ እሷ ተኛች ስትዪ ተሰምቷል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለም? ድንጋዩን አንሺ።»

ከዲጃ አላነሣችም። ያነሣችው ረድኤት ራሷ ናት። ድንጋዩን ከጥግ አውጥታ መሐል ላይ አጋደመችው፤ ግንዱን አዙራ ተከለችው። ጠጠር በማታውቀው ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለች፤ ጥጓን ፈልጋ አጣችው። ያኔ ረድኤት የእንግዳውን ሣጥን ከፈተችና ለቀቀችው።

እንግዳው ከጠጠር ረዘም ያለ፣ አንገቱ ወፍራም፣ ገና ጎረምሳ ነው። አሸዋው ላይ ሲያርፍ ራሱ ሰማያዊ ሆነ። የጠጠርም ራስ ሰማያዊ ሆነ። ደረታቸውን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረጉ። ከዲጃ «ያ አላህ፣ አሁን አይታይሽም?» ስትል እንግዳው ተወረወረ። መስታወቱ ውስጥ አሸዋ ቦነነ፤ የሚታየው ሆድና ጥፍር ብቻ ሆነ። ከዲጃ እጇን ሰድዳ እንግዳውን በአንገቱ ስትይዘው ከጠጠር ጅራት ግማሹ አሸዋው ላይ ቀርቶ ብቻውን ይወራጭ ነበር።

ከዲጃ አለቀሰች። ለእንሽላሊት ማልቀስ አያሳፍራትም፤ ሰው ፊት ማልቀሷ ግን አናደዳት።

ረድኤት ካባዋን ለበሰች። ድምፅዋ ትንሽ ወርዷል። «መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው። አርብ እመለሳለሁ። እስከዚያ አብረው ካልኖሩ አልተስማሙም ማለት ነው፤ የማይስማማው ይወገዳል።»

«የቱ ነው የማይስማማው?»

«እንግዳው የቢሮው ነው» አለች ረድኤት። «ነባሩ ነው የሚወገደው።»

ልጅቷ እንደወጣች ከዲጃ እንግዳውን ወደ ሣጥኑ መለሰችው፤ የጠጠርን ቁስል በጨው ውሃ አጠበች። ድንጋዩንም ወደ ጥጉ መለሰችው። ከዚያም ወንበር ስባ መስታወቱ ፊት ተቀመጠችና አንድ የማትወደውን ነገር ለመሞከር ቆረጠች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጠጠር፣ ና። ና ብላ» አለች።

ጠጠር አልመጣችም። ቃሉ በከዲጃ አፍ ውስጥ የሰው ጥርስ ሆኖባት ነበር። ጆሮ ግን ወዲያው፣ «ያልተመዘገበ ተጨማሪ ተባዕት ተሰምቷል። እንስሳ መደበቅ ክልክል ነው» አለች።

«ኧረ የት አባሽ!» አለች ከዲጃ። «እናቴ ያስተማረችኝን ምላስ ለአንቺ ብዬ አልቆርጥም! እሷ ናት! እሷ፣ እሷ፣ እሷ!»

«ናት። ተመዝግቧል።»

ረቡዕ ጠዋት የኮሪደሩ ድምፅ ማጉያ ተከፈተ። ደንቡ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ለሰውም እንደሚሠራ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሁሉ አብሮ ነዋሪ እንደሚላክላቸው አስታውቆ ስም ይጠራ ጀመር። ሰዉ በሩን ገርበብ አድርጎ ያዳምጣል። «ከዲጃ እንድሪስ» ተባለ። ከፊት ለፊቷ በር የሚኖሩት ጋሼ ይመር፣ ሚስታቸውን ከቀበሩ የቆዩና ከእሷ ይልቅ ብቸኛ የሆኑት ሰውዬ፣ ስማቸው ሳይጠራ ማጉያው ተዘጋ።

ጋሼ ይመር ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። መኪናቸው ለብረት ስትቆራረጥ የበሯን መስታወት አስቀርተው ግድግዳቸው ላይ ሰቅለውት ኖረዋል። የእንሽላሊቶቹን ጠብ ሰምተው ነበርና ዕለቱን መስታወቱን ታቅፈው መጡ፤ በከዲጃ በር ቆሙ።

«ይግቡ በይኝ እንጂ፣ ከባድ ነው» አሉ።

«ይግቡ፣ ጋሼ፣ ይግቡ። ምን አመጡ?»

«ለነዚህ ግድግዳ። መሐላቸው እንከልበት፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። እንግዳ ዛሬ ወርቅ፣ ነገ ብር፣ ከነገ ወዲያ ጨርቅ ነው፤ የናንተ እንግዳ ግን ከመጀመሪያው ጨርቅ ሆኖ ነው የመጣው።» ጎንበስ ብለው ወደ ጠጠር አዩ። «ስምሽን ሰማሁት» አሉ፣ ወደ ከዲጃ ሳይዞሩ። «የኔን ረስተውት ነው መሰለኝ። ነገ ያስታውሱታል።»

ከዲጃ ስለ ራሷ ማውራት አልፈለገችም። መስታወቱን ተቀበለቻቸውና አሸዋው መሐል ለመሐል ቦይ አወጣች፤ አቁመው ግራና ቀኙን በአሸዋ ደገፉት። ልክ ሆነ። እንግዳውን በቀኝ በኩል ለቀቀችው፤ ሰው ጠላሁ ብሎ ፍጥረት አይበደልምና ግንዱን ለእሱ ሰጠችው። ድንጋዩ ለጠጠር ቀረ።

ጋሼ ይመር ቀልደኛ ናቸው፤ ማንም ሲያዝን ዝም ብለው አይቀመጡም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠጠር ፊት እንደ ትልቅ ሰው እጅ ነሡ።

«አንቱ ጠጠር! ጅራትዎን የት ጣሉት? አብሽሩ፣ እኔም ጥርሴን ጥዬ ይኸው አለሁ። ፊታቸው ጥሩ ነው፣ ከዲጃ፤ ደኅና አድረዋል፤ እንቅልፋቸውን ጠግበዋል።»

«ሁለቱም ደኅና አድረዋል» አለች ጆሮ። «ሁለቱም እንቅልፋቸውን ጠግበዋል። አብሮነት ተጀምሯል። ተመዝግቧል።»

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ከዲጃ ቀስ ብላ ከፌንጣው ማሰሮ አንድ አወጣችና ለጠጠር ሰጠች፤ ጠጠር ቀለበች።

«ጠጠር... በሉ» አለች ከዲጃ።

«ሁለቱም በልተዋል። ተመዝግቧል።»

«በላዩ ላይ ውሃ ጠጡ!»

«ሁለቱም ጠጥተዋል። ተመዝግቧል።»

ጋሼ ይመር ወንበር ላይ ተዘረጉ፤ ሳቃቸው ሳል ሆኖ እንባቸውን አመጣው። ጆሮ «በሉ» ስትሰማ ከአንድ በላይ የሆነ ሰው እንደ በላ እንጂ፣ አንድ የተከበረ ሰው እንደ በላ የነገራት የለም። አንቱን ከቋንቋዋ ሲያወጡባት ሥሩ ውስጥ ምን እንደቀረ አላሰቡትም። አንቱ ወንድ ሴት አይልም፤ አንድ ብዙ አይልም፤ ማክበር ብቻ ነው።

ከዲጃ ግን አልሳቀችም። ግንባሯን መታ አደረገች። «ለዚህ ነዋ የእርስዎ ስም ያልተጠራው! ጋሼ ይመር በሉ ወይ፣ ጋሼ ይመር ተኙ ወይ ስል ስንት ዘመን ቤትዎ ስገባ ስወጣ፣ የእርስዎ ጆሮ ሁለት ሰው ነው ብላ ቆጥራዎታለች!»

«እኔ ሁለት ሰው?» ቦርጫቸውን ዳበሱ። «እንግዲህ አልዋሸችም።» ከዚያ ሳቁን ትተው ቀና አሉ። «እንዲያ ከሆነማ ቀላል ነው። ከዛሬ ጀምሮ እኔም አንቺን አንቱ እልሽና ነገሩ ያልቃል።»

«በፍጹም!» አለች ከዲጃ።

«ለምን?»

«እርስዎ በዕድሜ የባሌ ታላቅ፣ የኒካሔ ምስክር፣ እኔን አንቱ ብለው አላህ ፊት ሊያስቀስፉኝ ነው? አንቱታ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ደግሞ ተለምኖ የተገኘ አንቱታ ምኑ አንቱታ ነው? ስድብ ነው እንጂ። ጠጠርን አንቱ ይበሏት፤ ጠጠርን... አንቱ ይበሏቸው። የኔን አላህ ያውቃል።»

ጋሼ ይመር ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። ልክ መሆኗን ያውቃሉ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጠጠር እሳቸው ሆኑ። ጠዋት «እንደምን አደሩ?»፣ ቀን «ሞቀዎት ይሆን?»፣ ማታ «ይረፉ እንግዲህ» ይባላሉ። ከዲጃ መጀመሪያ ለተንኮል ነበር የጀመረችው፤ ሐሙስ ሲመሽ ግን ከልቧ ሆኖ አገኘችው። ያን ሁሉ ዓመት ቤቷን ያልለቀቁ፣ ባሏ ሲሞት አብረዋት የቆዩ፣ ጅራታቸውን ጥለው ጥጋቸውን ያልጣሉ ፍጥረት፣ አንቱ ቢባሉ ምን ይበዛባቸዋል? ጆሮም እየተከታተለች ሁለቱም በሉ፣ ሁለቱም ተኙ፣ ጠብ የለም እያለች መዘገበች። እንግዳው ግንዱ ላይ ተጋድሞ፣ ከመኪናው መስታወት ወዲያ ያለውን ሰማያዊ ራስ እያየ ቀስ በቀስ መናደድ ሰለቸው።

አርብ ጎህ ሲቀድ ረድኤት መጣች። በዚህኛው ጊዜ የማስወገጃ ሣጥን ይዛለች፤ ጥቁር ነው፤ መተንፈሻ ቀዳዳ የለውም። ከዲጃ ሣጥኑን አየችና መስታወት ቤቱን ተደግፋ ቆመች።

ረድኤት መሐል ላይ የቆመውን መስታወት አየች። «ምንድን ነው ይኼ?»

«የጭነት መኪና መስታወት ነው።»

«አብረው አይኖሩም ማለት ነዋ።»

«ዓይን ይሳሳታል ብለሽኝ የለም? እሷን ጠይቂያት» አለች ከዲጃ፣ በአገጯ ወደ በሩ እያመለከተች።

ረድኤት ጠየቀች። ጆሮም ሳታመነታ፣ «ከረቡዕ ጀምሮ ሁለቱም አብረው በልተዋል፣ አብረው ተኝተዋል፣ ጠብ አልተሰማም። ማላመዱ ተሳክቷል» አለች።

«ምን አደረግሻት?»

ከዲጃ መደበቅ ትችል ነበር። አላውቅም ብላ ዝም ብትል ልጅቷ ግራ ተጋብታ ትሄዳለች፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ግን መደበቅ አስጠላት። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ አፏ፣ ምን ሰርቃ ነው የምትደበቀው? ወደ ጠጠር ዞር ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ጠጠር፣ እንግዳ መጥታለች፤ አይደንግጡ። ይኸው ራሳቸውን ቀና አደረጉ!»

«ሁለቱም ራሳቸውን ቀና አድርገዋል። ተመዝግቧል።»

የረድኤት ከንፈር ሳትናገር ተንቀሳቀሰ። ገባት። ከዲጃም እንደገባት አየች።

«ሂጂና ንገሪያቸው» አለቻት። «ስትነግሪያቸው ግን ከዲጃ ዋሸች እንዳትዪ። እኔ አልዋሸሁም። የወደድኩትን እሷ አልኩ፣ ያከበርኩትን አንቱ አልኩ። መውደዴንም ማክበሬንም የማይሰማ ጆሮ በሬ ላይ ሰቅላችሁ ስታበቁ፣ አፍሽን አስተካክይ የምትሉት እኔን ነው? ያንን ጥቁር ሣጥን መልሺ። ጠጠርን የሚወስድ እኔን ረግጦ ነው።»

ረድኤት መስታወቱ አጠገብ ተንበረከከችና የጠጠርን ቁስል ለረጅም ጊዜ አየች።

«ጅራቱ ይበቅላል?» አለች።

ጅራቱ አለች እንጂ ጅራቷ አላለችም። ከዲጃ ሰማችና ከመስታወት ቤቱ ፈቀቅ አለችላት። «ይበቅላል። እንደ ድሮው አይሆንም እንጂ።»

ልጅቷ ተነሥታ ወደ በሩ ቀና አለች። «ማላመዱ ተሳክቷል። አጽድቄያለሁ» አለች። ጥቁሩን ሣጥን አጣጥፋ በብብቷ ያዘች። ለመሄድ ግን አልተንቀሳቀሰችም። «ቀጥሎ አንቺ ነሽ። ሰኞ ሰው ይመጣልሻል።»

«ማናት?»

«አላውቅም። አንቺም እስክትመጣ ማወቅ የለብሽም። ከእሷ በፊት ሠራተኞች ይመጣሉ፤ አልጋሽን፣ ማሽንሽን፣ የባልሽን ዕቃ ቦታ ይቀይራሉ።»

«የኔ የምለው ጥግ እንዳይኖረኝ» አለች ከዲጃ።

«አዎ።»

«አላስገባም።»

«ታውቂዋለሽ» አለች ረድኤት፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ። «የማይስማማው ነባሩ ነው።»

«የታወቀ ነገር ነው። አላስገባም። በሬን ሰብረው ይግቡ፤ ሲሰብሩ ደግሞ ጆሯችሁ ትስማው።»

ረድኤት ካባዋን ለበሰች፤ ቁልፉን እስከ አንገቷ ቆለፈች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ጀርባዋን ለከዲጃ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ጆሮ ቀና አድርጋ፣ እጇን በሩ መቃን ላይ አሳርፋ ቆየች። ከዚያ ዞረች፤ ድምፅዋ ከጉሮሮዋ ይልቅ ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስል ነበር።

«እማማ ከዲጃ ደክመዋል» አለች። «ይረፉ እንግዲህ። ደኅና ይዋሉልኝ።»

ማንም ለምኗት አይደለም። አንቱታው ከታች ወደ ላይ፣ ከልጅ ወደ ትልቅ፣ መሄድ ባለበት መንገድ ሄደ። ከዲጃ ስንት ዘመን ያልሰማችውን ነገር በራሷ ደጃፍ ሰማችና ዓይኗ ሞላ፤ ዛሬ ሰው ፊት ማልቀሷ አላናደዳትም።

ጆሮ ቆጠረች።

«በዚህ ቤት ብቸኛ ነዋሪ የለም» አለች። «ነዋሪዎቹ ደክመዋል። አብሮ ነዋሪ አያስፈልግም። ተመዝግቧል።»

ረድኤት አንገቷን ደፍታ ወደ ኮሪደሩ እግሯን አነሣች። በመስኮቱ ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን ነጭ ሆኗል፤ የፀሐይ መከለያው ከላይ ሲወርድ ይሰማል። ከዲጃ ክንዷን ያዘቻት።

«በዚህች ፀሐይ የት ትሄጃለሽ? ቁርስሽን እንኳ አልበላሽም። ነይ፣ ግቢ።»

«ይቅርታ» አለች ጆሮ። «ቤቱ ሞልቷል።»

«ለጠራሁት ሰው ቦታ ሞልቷል!» አለች ከዲጃ፤ ልጅቷን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።